የዊልቸር ምልክት ለምታዙ ደንበኞቻችን

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

«የዊልቸር ምልክቱ ነባሩ ይሁን ወይስ አዲሱ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብናል። ለመኪና ማቆሚያ፣ ለመግቢያና ለመጸዳጃ ቤት ነባሩን እንሠራለን፤ አዲሱን የምንሠራው በጽሑፍ ስትጠይቁን ብቻ ነው።

ነባሩን በ1968 እ.ኤ.አ. የሣለችው ዴንማርካዊቷ የዲዛይን ተማሪ ሱዛነ ኮፎድ ናት። ሥዕሉ ራስ አልነበረውም። በዓመቱ የአካል ጉዳተኞችን ተደራሽነት የሚከታተል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ይመራ የነበረው ካርል ሞንታን ክብ ራስ ጨመረበትና ወንበሩ ላይ ሰው ተቀመጠ። ያቺ ክብ ባትኖር ብዙ ሰው የወንበር መሸጫ ማስታወቂያ በመሰለው ነበር።

ቆይቶ «ወንበሩ ጎልቶ ሰውየው ግዑዝ ሆኗል» የሚል ቅሬታ መጣ። በአሜሪካዋ ቦስተን ሠዓሊዋ ሣራ ሄንድረንና የፍልስፍና መምህሩ ብራያን ግሌኒ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ጎማውን በእጁ የሚገፋ ሰው ምስል ከሥሩ ያለውን በሚያሳይ ስቲከር አዘጋጅተው በነባሮቹ ሰሌዳዎች ላይ ለጠፉ። አዲሱ የምንለው ይህን ነው፤ የኒውዮርክ ግዛትም በ2014 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቀበለው። ቅሬታው እውነት አለው እንላለን። ችግሩ ሥራው ላይ ነው፦ አዲሱ ሥዕል ጎማውን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ክፍተቶች ስላሉት በትንሽ ስቲከር ላይ ይደፈናሉ፣ ከሩቅም አይለዩም። የመረጣችሁት የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ሕንጻ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ እንግዳ ሰው ሁለት የተለያየ አገልግሎት ይመስለዋል።

አስፋልት ላይ ለሚቀባው ቅርጹን ከላሜራ እንቆርጣለን። የጎማውን መሃል ከቀሪው ላሜራ የሚይዙት ሁለት ጠባብ አንገቶች ብቻ ናቸው፤ ላሜራው ከሳሳ እዚያው ይታጠፍና ቀለም ከሥሩ ይገባል። ስለዚህ አቧራውን ጥረጉ፣ ሰማያዊው መደብ በደንብ ይድረቅ፣ ነጩን በሮለር ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። አንዴ በወፍራሙ የተቀባ ጠርዙ ይፈስሳል። መኪና ሲቆምበት ሥዕሉ ስለሚሸፈን በብረት ዘንግ ላይ ሰሌዳም ያስፈልገዋል፤ የሰሌዳው የታች ጠርዝ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ይራቅ።

ደረጃ ብቻ ባለው በር ላይ ግን ምልክቱን አንለጥፍም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ስቲከር ደግሞ ማንንም ደረጃውን አያስወጣም። ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) አስቡ። ትዕዛዝ ስትሰጡ የበሩንና የራምፑን ፎቶ አብራችሁ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር