ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ዓምዳችሁ ስለ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ስለሚዞርበት ፍጥነት፣ መዛባት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚያውቁትን በቅንነት እንዳካፈሉ አልጠራጠርም። ነገር ግን አየር በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ ከሆነ የሞተሩ ዙር ከፍ ይላል፣ ዙሩ ከወረደ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ ያሉት ለሁሉም ሞተር አይሠራም። ይህንኑ ምክር ቀደም ሲል ከሌላ ሰው ሰምቼ አራት ወር አባክኜበታለሁ።

የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከግድግዳ ጀርባ የሚያፈስ ቧንቧ ስፈልግ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ለረጅም ጊዜ ስመኛት የነበረችውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች፣ ባለ 1600 ሲሲ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «የልጅ መኪና» ትላታለች።

ጠዋት በብርዱ ስትነሣ ምንም የለባትም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን መብራት ላይ ልቆም ፍሪሲዮን ስረግጥ የዙር ቆጣሪው መርፌ በደቂቃ ወደ 500 ዙር ይወርዳል፤ ወደ 1200 ይዘላል፤ ተመልሶ ይወርዳል። አንዳንዴም ሞተሩ ጭራሽ ይጠፋል። መመሪያው የሚያዝዘው 850 ነው፤ 50 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ግድ የለም።

መካኒኩ ካቻቢቴውን አንሥቶ ለሚኒሞ የሚገባውን አየር የሚመጥነውን ብሎን ፈታ አደረገው። ዙሩ 1100 ላይ ቆመ፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፤ ገመዶቻቸውም ተከተሉ። በመጨረሻ የሞተሩ ኮምፒውተር ሚኒሞን የሚቆጣጠርበት ቫልቭ ተለወጠ። የራዲያተር ውሃ በውስጡ ስለሚያልፍ እሱን ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። አሮጌው ቫልቭ ምንም እንዳልነበረው ዛሬ ስለማውቅ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ቧንቧ ሲያፈስ ወለሉ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል። ወደ ውስጥ የሚሳብ አየር ግን ጠብታ አይተውም። እኔን ያህል የፍሳሽ ሰው ያታለለኝም ይኸው ነው። ዓይኔን የገለጠልኝ ስሕተቴ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩት። ሞተሩ ተንገዳግዶ ሊጠፋ ደረሰ። ከክዳኑ አየር እየገባ ነው፤ ዙሩ ግን ወረደ እንጂ ከፍ አላለም!

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በዚህ ሞተር ላይ የሚገባውን አየር የሚለካው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለ ሣጥን ነው፤ በውስጡ አየሩ እየገፋ የሚከፍተው በር አለ። ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚመጥነው በሩ በተከፈተው ልክ ነው። ከበሩ ወዲያ ሾልኮ የገባ አየር አልተቆጠረም፤ ላልተቆጠረ አየር ደግሞ ነዳጅ አይታዘዝለትም። የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ነዳጅ አንሶት ይሳሳል፣ ሞተሩ ይደክማል። በብርድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ጨምሮ ስለሚሰጥ ጉድለቱ ይሸፈናል፤ የእኔዋ መኪና ጠዋት ጨዋ የምትመስለው ለዚህ ነበር። የአየሩን መጠን በማስገቢያው ውስጥ ካለው ግፊት የሚያሰሉ ሞተሮች ላይ ግን ሾልኮ የገባውም አየር ግፊቱን ስለሚለውጥ ነዳጅ ይጨመርለታል፤ ዙሩም ከፍ ይላል። ጸሐፊው ያሉት ለእነዚህ እውነት ነው።

ከዚያ ወደ አሮጌ ሙያዬ ተመለስኩ። አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ቆርጬ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ሞተሩን ዳሰስኩ። ከቺንጊያውና ከማራገቢያው ራቁ፤ ሸሚዝ አይምሩም። ከመለኪያው ሣጥን ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽብሽብ የጎማ ቱቦ ሥር ስደርስ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። በእጥፋቱ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ሞተሩ ሲቆም ትገጥማለች፣ ሲናወጥ ትከፈታለች፤ ስለዚህ መኪናዋ በቆመችበት ያየ መካኒክ ሁሉ ደህና ነው ይላል። ተቀጣጣይ ነገር እየረጩ ስንጥቅ የሚፈልጉ አሉ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ እኔ አልደፍረውም። ሞተሩ ጠፍቶ ጭስ ወደ ማስገቢያው የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ግን ከእኔ ጆሮ ይበልጣል።

አዲስ ቱቦ ሲገባ ዙሩ 1300 ሆነ። ያ የተፈታ ብሎን ሒሳቡን አቀረበ ማለት ነው። ብሎኑ የሚነካው ያኔ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ፣ መብራቱና ማራገቢያው ሁሉ ከጠፋ፣ በመመርመሪያ ሣጥኑ ውስጥ ቲ.ኢ.ኤን. እና ጂ.ኤን.ዲ. የሚሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ከተያያዙ በኋላ። ሽቦው ሲገባ ኮምፒውተሩ ሚኒሞን ማረሙን ይተዋል። ሽቦው ሳይገባ ብሎኑን ማዞር ከኮምፒውተሩ ጋር ገመድ መጓተት ነው።

የዓምዱ ጸሐፊ በሚቀጥለው ዕትም አንድ ነገር ቢጨምሩ እለምናለሁ፦ አንባቢ ኮፈኑን ከፍቶ መኪናው አየሩን በየትኛው መንገድ እንደሚለካ እንዴት ይለያል? የፊልትሮውን ሣጥን ፎቶግራፍ ቢያወጡ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ