ውሉ የጠፋው ልቃቂት

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ይህን ያህል ወራት ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። የጥልፍ ማሽንሽ ክር እየተበተበ አላሠራ እንዳለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። «መላ በይኝ» ብለሽ ነበር። መላው ስላልነበረኝ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ለመጻፍ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

ሰሞኑን የእኔም ማሽን ያንኑ አመል አመጣ። ክሩ ከጨርቁ ሥር ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ይከመራል፣ ጨርቁም ተይዞ አልላቀቅ ይላል። ከሥር ስላየሁት ጥፋቱን በታችኛው ክር ላይ አደረግሁ። የታችኛው ክር የሚጠመጠምበትን ቦቢን አወጣሁ፣ አስገባሁ። የቦቢን ቤቱን ብሎን ነካካሁ። ሁለት ቀን ለፋሁ። ለካ ችግሩ ከላይ ኖሯል!

የላይኛውን ክር ያስገባሁት ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ሳላነሳ ነበር። እግሩ ሲወርድ ክሩን ቆንጥጠው የሚይዙት ክብ ብረቶች ይገጥማሉ። ያኔ ክሩ መሃላቸው አይገባም። የሚይዘው ሲያጣ የላይኛው ክር ያለ ልክ ይለቀቃል፣ ትርፉም ከሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ሌላ ምንም ከመንካትሽ በፊት እግሩን አንሺና ክሩን እንደ አዲስ አስገቢው። ቀጥሎ እግሩን አውርደሽ ክሩን በእጅሽ ሳብ አድርጊው። ጠንከር ካለብሽ ይዟል። እንደ ዋዛ ከመጣ ድገሚው። ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለሰው ክንድ ውስጥ ማለፉንም እይ፤ እሱን ከሳተም ያው ትብትብ ነው።

የተያዘውን ጨርቅ በጉልበት አትጎትቺው፣ አደራ። ከሥር ያለውን ክር በመቀስ ቁረጪው።

ክሩ የሚበጠስብሽ ከሆነ ግን የክሩን ጥቅል እይው። ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ክሩን ሲይዘው፣ ወይም ክሩ ተንሸራትቶ ከጥቅሉ ሥር ሲጠመጠም ይበጠሳል። መርፌውንም ቀይሪው። ለተለመደው 40 ቁጥር የጥልፍ ክር እኔ 75/11 ቁጥር መርፌ እጠቀማለሁ። ለወርቀ ዘቦ መሰል ክር 90/14 ይሻላል፤ ዓይኑ ሰፋ ስለሚል ክሩን አይልገውም።

የቦቢን ቤቱን ብሎን የመጨረሻ አድርጊው። መጀመሪያ በውስጡ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ጥረጊ። እኔ ብሎኑን ቀድሜ አዙሬ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሲስተካከል አንድ ወፈር ያለ ፊደል ጥለፊና ገልብጠሽ እይው። የታችኛው ክር መሃል ላይ ሲሶውን ያህል ይዞ፣ ግራና ቀኙን የላይኛው ክር ከያዘው ልኩ መጥቷል።

ለእናትሽ የጀመርሽው የትራስ ልብስ አሁንም እንደቆመ ነው? እሱን ሞክሪበት። የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ፤ በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ