ከእንጨት የወጣ ዝናብ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ አንድ ሥዕል አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ እርስዎ ከዓይኔ አልጠፉም። ሂሮሺጌ የሚባል ጃፓናዊ ሠዓሊ በፈረንጆች 1857 ያወጣው ነው። ያኔ ኤዶ በምትባለው በዚችው ቶኪዮ፣ ሱሚዳ ወንዝ ድልድይ ላይ ድንገት ዶፍ ይወርዳል። መንገደኛው ግማሹ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ግማሹ የእኛን ገሳ የመሰለ ነገር ደርቦ ይሮጣል። ታች ወንዙ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ግንድ እያንሳፈፈ ይነዳል። ድልድዩ ዛሬ የብረት ሆኗል፤ እኛ ሐበሾች ከተሰባሰብንበት ከካትሱሺካ ሩቅ አይደለም።

ዝናቡን ቢያዩት፣ አባዬ! በብሩሽ የተሳለ አይደለም፤ ከተጠረበ ሳንቃ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ከእንጨት የወጣ ነው። እንደ ክር የቀጠነው እያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኙ ተፈልፍሎ የቀረ ነው። ያውም በሁለት ሳንቃ፤ የአንዱ መስመር ከሌላው ትንሽ ዘንበል ስለሚል ነፋስ ያለበት ዝናብ ይመስላል።

እንጨቱ ጠንካራው የተራራ ሳኩራ፣ የጃፓን የቼሪ ዛፍ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት የነደፈውን ጠራቢው ሳንቃው ላይ ደፍቶ ይለጥፍና ከነወረቀቱ ይጠርበዋል፤ ንድፉ በዚያው ይጠፋል። ለየቀለሙ ደግሞ ሌላ ሳንቃ አለ። ቀለም ከቀለም እንዳይዛነፍ በየሳንቃው ጥግ ወረቀቱ የሚገጥምበት ምልክት ይቀረጻል፤ ኬንቶ ይሉታል። እርስዎ «መጀመሪያ ጥጉን አስተካክል» የሚሉኝ ጆሮዬ ላይ መጣ።

አንድ አታሚ ሲሠራም ቆሜ አየሁ። ሳንቃውን ቀለም ይቀባል፣ እርጥብ ወረቀት ያለብሰዋል፣ ከዚያ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ ነገር ጀርባውን አጎንብሶ ያሸዋል። መኪና የሚባል የለም። ሥዕሉ አናት ላይ ያለው ጥቁር ደመና ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው፣ አታሚው ለእያንዳንዱ ወረቀት ቀለሙን በእጁ ስለሚያሳሳው ነው።

የሚነሣው ስም ግን የሂሮሺጌ ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ እርስዎ የሠሩት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ታወሰኝ፤ ስንቱ ተሳልሞት ሲገባ የማን እጅ እንደሆነ አያውቅም።

በድሮው አሠራር እንደገና ተጠርቦ የታተመ አንድ ቅጂ ገዝቻለሁ፤ ለገና በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ። ቀለሙ እንዳይለቅ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ይስቀሉት። መስታወት ከማስገባትዎ በፊት ግን ገልብጠው ጀርባውን በጣትዎ ይዳብሱት፤ የታሸበት ያስታውቃል።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከቶኪዮ