እትዬ፣ ዜማሽ ወረቀት ላይ ወጥቷል

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ “ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ በእጅህ እያለ ዜማ በኖታ ለመጻፍ አምስት መስመር ላይ ነጥብ ስትለቅም ማምሸት ምን ይሉታል?” ብለሽ ስትስቂብኝ መስመሩ ተቋረጠና መልሴን ሳትሰሚ ቀረሽ። ሳቅሽን ጨርሰሽ ደግሞ “ለመሆኑ ከየት ጀመርከው?” ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ታናሽ ታላቁን ማስተማሩ ካላስቆጣሽ ሁለቱንም በጽሑፍ ልመልስልሽ።

ቀረጻው ያንጎራጎርሽውን እንዳለ ይዞ ይቀመጣል፤ ትንፋሽሽን፣ መሃል ላይ ልጆቹን የተቆጣሽውን፣ ሁሉንም። የቱ ዜማው እንደሆነ፣ የቱ የዚያን ቀን የጉሮሮሽ ማሳመሪያ እንደሆነ ግን አይለይልሽም። ወረቀት ያስመርጥሻል። እያንዳንዷን ድምፅ ስታስቀምጪ “ይህቺ ትኑር ወይስ ትውጣ?” ሳትዪ አታልፊም። እኔ ዜማ ደራሲ ነኝ ለማለት የደፈርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በፊት የማንጎራጉረው ነገር በየቀኑ መልኩን እየለወጠ፣ ጠዋት ያማረኝን ማታ ሳጣው ነበር የምኖረው።

ሌላው ምክንያት ሰው ነው። አንቺን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዜማሽን ይጫወትልሽ ዘንድ ወረቀቱ ብቻውን መናገር አለበት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ሰዎች ከቃሉ አናት ላይ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉ ምልክቶች እንደሚያዩ ታውቂያለሽ። እነዚያ ምልክቶች ከመምህሩ አፍ ዜማውን ለተቀበለ ሰው ማስታወሻ ናቸው፤ ላልተማረው ብቻቸውን አይዘምሩለትም። የኖታ መስመሮች የተፈለጉት ለሌላ ችግር ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን ጊዶ የሚባል የጣሊያኗ አሬዞ መነኩሴ፣ ዘማሪዎች ዓመታት ሙሉ ዜማ በቃል ሲያጠኑ አይቶ፣ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከጽሑፍ አይተው እንዲያዜሙ ድምፆቹን በመስመርና በመስመር መካከል አሰፈራቸው። ዛሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የምንለውም ከእሱ የመጣ ነው፤ ዶ በእሱ ዘመን “ኡት” ነበረች። ደስ ያለኝ ደግሞ ይህን አሠራር ለአንድ መነኩሴ ወዳጁ ያስረዳው በደብዳቤ መሆኑ ነው። እኔም የማደርገው እሱን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አሁን ወደ አጀማመሩ። የመማሪያ መጽሐፎቹ በአብዛኛው የተሰናዱት ፒያኖ ለሚጀምር ልጅ ነው። መጀመሪያ የመስመሮቹን ስም ያስጠኑሻል፣ ከዚያ የማትወጃትን ትንሽ መልመጃ ያስነብቡሻል። ዜማ በጆሮው ሞልቶ ለመጣ ሰው ይህ አሰልቺ ነው፤ ብዙው ሰው የሚተወውም እዚያው ላይ ይመስለኛል። የራስሽን ዜማ በመጻፍ ጀምሪ። ማንበቡ ከኋላ ይከተላል፤ የጻፍሽውን ስታነቢ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመሽ ታውቂዋለሻ!

ደግሞ ከድምፁ ከፍታ በፊት ምቱን ያዢ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ዶና ሬን ነው፤ ሰውን የሚጥለው ግን ምቱ ነው። ባለፈው የላክሽልኝን ዜማ እንዴት እንዳወረድኩት ልንገርሽ። መጀመሪያ እርሳስም አላነሳሁ፤ እየደጋገምኩ አጨበጨብኩ። ከባዱ ምት የት እንደሚወድቅ ሲገባኝ ለእያንዳንዱ ምት አጭር ሰረዝ አሰመርኩ፤ ከባዱ ሲመጣ ረዥም አደረግሁት። ከረዥሙ ሰረዝ በፊት ቀጥ ያለ መስመር ስትጥዪ ባር፣ ማለትም በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ያለውን የምት ክፍል፣ አገኘሽ ማለት ነው። የአንቺ ዜማ ከከባዱ ምት ቀደም ብሎ በሁለት አጫጭር ድምፆች ይነሳል። እነዚያ ከመጀመሪያው መስመር በፊት፣ ባልሞላ ባር ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አንደኛ ባር ውስጥ ብታስገቢያቸው ዜማው ሁሉ ይንሸራተታል።

ምቱ የለመድነው ቺክቺካ ነው፤ በኖታ 6/8 ይጻፋል። አንድ ባር ስምንተኛ የሚባሉ ስድስት አጫጭር ኖታዎች ይይዛል፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይታሰራሉ፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። 3/4ም እኮ ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይይዛል፤ እዚያ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚታሰሩት። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ውዝዋዜው ሌላ ነው። እትዬ፣ ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የእጅሽ ጭብጨባ በሦስት ሦስት እየሄደ ድምፅሽ ለአንድ ባር ብቻ ሁለት-ሁለት-ሁለት ሆኖ ይመለሳል። ስሰማው ያቺ ቦታ ለምን እንደምትጥመኝ አላውቅም ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ ፍንትው አለ። አውቀሽ ነው ያደረግሽው?

ድምፁን ለማግኘት ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጊና ዶ በዪው። ሌላውን ሁሉ ከእሱ እየተነሳሽ በጉሮሮሽ ቁጠሪ፤ ከዶ ወደ ሶል እየዘለልሽ፣ ወደ ላ እየወጣሽ። መሣሪያ ባይኖርሽም ይቻላል። ከዚያ መስመሩ ላይ ለማስቀመጥ አንድ ምልክት ብቻ ያዢ፦ መጀመሪያ ላይ እንደ ጥምዝ የምታዪው የሶል ክሌፍ ከታች ሁለተኛውን መስመር ይጠቀልላል፤ ያ መስመር ሶል ነው። ወደ ላይ ላ፣ ሲ፣ ወደ ታች ፋ፣ ሚ እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። መሃለኛዋ ዶ ከአምስቱ መስመር ወርዳ በራሷ አጭር መስመር ላይ ትንጠለጠላለች። ለወፍራም ድምፅ የሚሆነውን የባስ ክሌፍ ለጊዜው እርሺው።

ግጥሙን ከስር ስትጽፊ ፊደላችን ውለታ ይውልልሻል፤ ባብዛኛው አንድ ፊደል አንድ ኖታ ነው። የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው። “ሰላም” ስትዪ ምዋ የራሷ ኖታ የላትም፤ ላ ስር ተጠግታ ትዘጋለች። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ደግሞ ጽሑፉ አያሳይሽም፣ ዜማው ግን ለሚጠብቀው ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ፊደል አትቁጠሪ፣ አፍሽን ስሚ።

ሙዝስኮር የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ የጻፍሽውን ያጫውትልሻል፣ ባሩ ከሞላ ትርፉን ራሱ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል። ጥሩ ነው፤ እኔም ንጹሑን የምገለብጠው በእሱ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን በእርሳስ ሥሪው። ማሽኑ ቶሎ ካጫወተልሽ ጆሮሽ ይሰንፋል፤ ገጹን እያዩ በልብ መስማት የሚለመደው ዝም ባለ ወረቀት ላይ ነው።

እዚህ ክላርኔት የሚጫወት ጎረቤት አለኝ፤ ዜማሽን እሱ ነው የሚጫወተው። የተለመደው ክላርኔት ዶ ተጽፎለት ሲነፋ የሚወጣው ሲ ፍላት (ከሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች) ስለሆነ ሙሉውን በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጌ ጻፍኩለት። ለምን እንዲህ እንደተሠራ በሰፊው አስረድቶኛል፤ ታሪኩ ረዥም ነውና ልለፈው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ድምፅሽ በሚና በሚ ፍላት መካከል ይዋልላል። ሚ ከሆነች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት። ሚ ፍላት ከሆነች ላም አብራ ትወርዳለች፣ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ላን ደግሞ እምብዛም አትነኪያትም፤ ስትነኪያትም ለጥርጣሬዬ አልጠቀመችኝም። ክራርና መሰንቆ ላይ የምንሰማው ድምፅ ከፒያኖው ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ ምናልባት አንቺም የምትፈልጊው መካከሉን ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከኖታው በላይ ትንሽ ቀስት አድርጌ ለጎረቤቴ በቃል እነግረዋለሁ። እስከዚያው በቅንፍ ይዤዋለሁ፤ ስትደውዪ ያንን ስንኝ ብቻ ቀስ ብለሽ በይልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም።

ታናሽ ወንድምሽ