ፕሮፖዛሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደረሰኙ

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ሙያዬ ሂሳብ ነው። ቀን ለደመወዝ እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ለሰፈራችን በጎ አድራጎት ማኅበር በነጻ። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቀለብ እናደርሳለን፣ ቤታቸው ሲያፈስ ቆርቆሮ እንለውጣለን፣ ሲታመሙ እናሳክማለን። ትልቅ ድርጅት አይደለንም። ሰው ግን ማኅበር ማቋቋም ሲያምረው ወደ እኔ ይመጣል፣ ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው። «ፈንድ ከየት ይገኛል?»

ጥያቄው አይከፋም። ችግሩ ብዙው ሰው ይህን ሲጠይቅ በሐሳቡ ያለው ፈረንጅ ብቻ መሆኑ ነው። ገና መተዳደሪያ ደንብ ሳይጻፍ፣ ገና ሊቀመንበሩ ሳይመረጥ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ተፈልጎ ፕሮፖዛል ይጻፋል። ፕሮፖዛሉ ይላካል። መልስ አይመጣም። ከዚያ ማኅበሩ ይፈርሳል። ጋዜጣችሁም ቢሆን፣ አትቀየሙኝና፣ ስለ ማኅበራት ገንዘብ ሲያነሳ ከለጋሽ ወሬ አያልፍም።

እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። አዲስ ማኅበር መጀመሪያ የሚያስፈልገው በየወሩ የማይቀር ትንሽ ብር ነው። ትልቁ ብር በኋላ ይመጣል፣ ባይመጣም ማኅበሩ አይሞትም።

ለምን መሰላችሁ? ማኅበር ቆሞ ለመቆየት ብቻ ወጪ አለው። የቢሮ ኪራይ አለ። ወረቀትና ቀለም አለ። የኦዲተር ክፍያ አለ። ማኅተም፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ አለ። እነዚህን ለጋሽ አይወዳቸውም። ለጋሽ የሚወደው ፎቶ የሚወጣለትን ነገር ነው፤ የውሃ ቦኖ፣ የመማሪያ ክፍል፣ ደብተር ያቀፈ ሕፃን። የኦዲተር ክፍያ ፎቶ አይወጣለትም። ግን ኦዲት ያላስደረገ ማኅበር የዓመቱን ሪፖርት በወጉ ማቅረብ አይችልም፣ ሪፖርት የሌለው ደግሞ ነገ ለማንም ለጋሽ «እዩኝ» ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም። አንድ ለጋሽ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ለስልጠና አዳራሽ፣ ለባነርና ለሻይ ቡና ከፍሎልን ያውቃል። ለአረጋውያኑ ጤፍ እንግዛ ስንል «በጀት መደቡ አይፈቅድም» ተባልን። ባነሩ እስካሁን አለ። አንዲት እናት ዝናብ ሲመጣ የማገዶ እንጨቷን ትሸፍንበታለች።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሰው አሁንም የሚፈራው የድሮውን ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 እውነትም ያስፈራ ነበር። በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ይል ነበር፣ ያውም የፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝና ስልጠና ሳይቀር አስተዳደር እየተባለ እየተቆጠረ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ለወጠው። የውጭ ገንዘብ ገደቡ ቀርቷል። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ሆኗል፤ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም አስተዳደር የሚባለው ነገር ስለጠበበ በተግባር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማኅበር ሕጋዊ ንግድ ውስጥ ገብቶ ለዓላማው ማስፈጸሚያ ገቢ እንዲያገኝ፣ ከሕዝብም መዋጮ እንዲሰበስብ ተፈቅዷል። ትርፉን አባላት መካፈል አይችሉም እንጂ መሥራቱ አልተከለከለም። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልላችሁ ነው፣ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አበባ አትመላለሱ።

ወደ ወርኃዊው ብር ልመለስ። አንዲት አረቄ የሚሸጡ እናት አሉን። በየወሩ 50 ብር በቴሌብር ይልካሉ። ብሩ ገብቶ መልእክቱ ስልካቸው ላይ እያለ እንኳ የወረቀት ደረሰኝ ካልተሰጣቸው ደስ አይላቸውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራፌ ላይ ቆመው «ወረቀቴን» ይላሉ። ቆርጬ እሰጣለሁ፣ አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ያስገባሉ። አንድ ወር ደረሰኝ ሰጪው ልጅ ቢዘገይ ለሰፈሩ ሁሉ «ምነው ዘንድሮ ዝም አሉኝ» ብለው ተናገሩ። እኔ አልከፋኝም። ማኅበርን የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ጠያቂ ነው። ለጋሹ በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርት ያነባል፣ ያውም ካነበበ። እኒህ እናት ግን በየሳምንቱ ያዩናል። ቆርቆሮው የማን ቤት ላይ እንደወጣ ከእኔ በፊት ያውቃሉ።

ሂሳቡን እንዲህ አስቡት። ሁለት መቶ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢያዋጣ በወር 10,000 ብር ነው። ብዙ አይደለም። ግን ማንም «ለዚህ ብቻ አውለው» ያላለው ብር ነው፤ ኪራይም ይከፍላል፣ ኦዲተርም ይከፍላል፣ ሰው ሌሊት ሲታመም ባጃጅም ይከፍላል። ሁለት መቶ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን መዋጮውን አያቆምም። ሦስት አቆመ ብሎ ማኅበሩ አይዘጋም።

ይህን ደግሞ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም። እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን። የሰው ስም በመዝገብ ይዞ፣ የቀረውን ቀጥቶ፣ ሰኔም ሐምሌም ሳይል መዋጮ መሰብሰብ የሸዋ ሰው ሲሠራው የኖረው ነገር ነው። የአማራ ልማት ማኅበርም (አልማ) ቢሆን ከ1984 ጀምሮ የቆመው በአባላት መዋጮ ላይ ነው። ደስ የማይለኝ እድሩን የሚመራው ያው ሰው፣ ማኅበር ሲያቋቁም ያንን ሁሉ ልምድ ቤቱ ትቶ መምጣቱ ነው።

የአካባቢ ተወላጅ የሚባለውም አለ። አዲስ አበባ ያለው፣ አሜሪካ ያለው። ለሠርግና ለልቅሶ ሲመጣ ኪሱ ይከፈታል፣ ሲመለስ ይዘጋል። ከሱ አንዴ ብዙ ከመጠየቅ በየወሩ ትንሽ መጠየቅ ይሻላል። ትልቁን የአንድ ጊዜ ገንዘብ ለግንባታ አስቀምጡት። መቄዶንያ በ2017 በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ለሕንፃው ያሰባሰበውን ገንዘብ አይተን ሁላችንም ቀጥታ ስርጭት አማረን። ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት አረጋውያን ሲያነሳ፣ ሲያጥብ፣ ሲያበላ ሰው አይቶታል። ሰው የከፈለው ለስርጭቱ አይደለም።

ንግዱስ? ሕጉ ይፈቅዳል ብያለሁ። እኔ ግን እጠነቀቃለሁ። ደብረ ብርሃን ስለሆንን መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ወተት ነው። ላም ገዝተን ወተት እንሽጥ ይባላል። ጥሩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። ላሚቱ አትጾምም፣ ትበላለች። በጾም ወተቱን ለማን እንደምትሸጡ ሳትጨርሱ ላም አትግዙ። የመንዝ በግ ሱፍ ግን ሌላ ነው። ከሱፉ የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አይበላሽም፣ ጾም አይከለክለውም፣ ብርዱም ከእኛ ጋር ነው። ሱፍ መፍተል የሚያውቁ ሴቶች አሉን፣ ሥራ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ቢጀመር ያዋጣል ባይ ነኝ። የንግዱ ሂሳብ ግን ለብቻው ይያዝ፣ ግብሩም ይከፈል። «እኛ በጎ አድራጎት ነን» ማለት ከትርፍ ግብር የሚያድን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ለጋሾቹ ልምጣ፣ ሰው የሚጠብቀው እሱን ስለሆነ። እርዳታውን አልጠላም። ማኅበሩ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ኦዲት አስደርጎ ሲቆም ማመልከት አለበት። ለትንንሾች የሚሻሉት የኤምባሲዎች አነስተኛ ድጋፎች ናቸው። የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ አለ። ክፍል ለመሥራት፣ ጉድጓድ ለመቆፈር፣ የሕክምና ዕቃ ለመግዛት ነው፤ ደመወዝና የዕለት ሥራ ማስኬጃ አይከፍልም። ካናዳም ለአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚውል አነስተኛ ፈንድ አላት። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድጋፍ ግን ከበድ ያለ ነው፣ ትንሽ ማኅበር ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። ሌላው መንገድ ከትልቅ ድርጅት ሥር ሆኖ መሥራት ነው። የቤተ ክርስቲያን የልማት ድርጅቶችና ሌሎች ነባሮች ከትልቅ ለጋሽ የተቀበሉትን አካባቢውን ለሚያውቅ ለትንሽ ማኅበር የሚያካፍሉበት ጊዜ አለ። ስም ባይኖረውም ሥራ ይለማመዱበታል። እዚህ ላይ ነው ወርኃዊው ብር የሚጠቅመው። የጃፓኑ ክፍሉን ሲሠራ ዘበኛውን የሚቀጥረው፣ ጣሪያው ሲበሳ የሚጠግነው የእናቶቹ 50 ብር ነው።

ከውጭ የመጣ ገንዘብ በዞናችን ሥራ ሠርቷል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። መርሐቤቴ ሂዱና ስለ ሰዎች ለሰዎች ጠይቁ። ያ ድርጅት ግን የጀመረው በመንግሥት ገንዘብ አልነበረም። መሥራቹ ተዋናይ ካርልሄይንዝ በም በፈረንጆቹ 1981 በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፣ ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። አንድ አንድ ማርክ ተጠይቆ ማለት ነው! የመርሐቤቴዋን ዓለም ከተማን ደግሞ እዩ። ሙኒክ አጠገብ ካለችው ፋተርሽቴተን ጋር ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ የከተማ ለከተማ ወዳጅነት አላቸው። ወዳጅነቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ጋር ብቻ ስላልታሰረ ይቆያል፣ ሰው ከሰው ጋር ስለተዋወቀ ይቆያል። ሌሎቹ ከተሞቻችን ይህን መንገድ ለምን እንደማይሞክሩት አይገባኝም።

በአንድ ለጋሽ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በ2017 አየነው። ጥምቀት በዋለ ማግስት፣ ጥር 12፣ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ታገደ። ሰኔ 24 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በይፋ ተዘጋ። ባለ ብዙ መኪና ድርጅቶች ሠራተኛ ሲበትኑ ሰነበቱ። እኛን ከዋሽንግተን ጋር የሚያገናኘን ነገር ስላልነበረ ጤፉን በወሩ አደረስን። ይህን በኩራት አልናገርም፤ ከእነዚያ ድርጅቶች መድኃኒት የሚያገኙ ሰዎች በእኛ ከተማም አሉና። የገቢ ምንጭ ሦስት አራት ይሁን ስንል ግን የምንለው ይህን ነው። አንዱ ከጠቅላላው ገቢ ግማሹን ሲይዝ መፍራት ይጀመር።

እናንተን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የድጋፍ ጥሪዎች የሚወጡት በእንግሊዝኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ነው። በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በጠፋ ጊዜ ስንት ጥሪ እንዳለፈን እንኳ ማወቅ አልቻልንም። አሁንም ማኅል ሜዳ ወይም እነዋሪ ያለ ማኅበር ጥሪውን የሚሰማው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። በሳምንት አንድ ዓምድ ስጡን። የትኛው ኤምባሲ፣ የትኛው ድርጅት፣ ለምን ዓይነት ሥራ፣ እስከ መቼ፣ ምን ምን ሰነድ ይጠይቃል፣ በአማርኛ። ከማስታወቂያችሁ ገጽ ሩብ ቢወስድ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ማኅበራት ስትጽፉ ስንት ሚሊዮን ብር ከውጭ እንዳገኙ ብቻ አትጠይቁ። በየወሩ የሚያዋጣ ስንት የሰፈር ሰው አላችሁ በሏቸው። መልሱንም አትሙት።

ሌላው ለአዲስ ጀማሪዎች ነው። ባንክ ሂሳብ በሦስት ሰው ፊርማ ይከፈት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይውጣ፣ ዘመዳሞችም አይሁኑ። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለውና የታተመ ይሁን። የተበላሸውን ቅጠል ቀዳችሁ አትጣሉ፣ ሰርዛችሁ ከነጥራዙ አስቀምጡት፣ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን