ዝምተኞቹን ልጆች ማን ያያቸዋል? ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። መምህር ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ መጽሐፍ እጥረት አይደለም። ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚውሉ ልጆች ነው።

የሚረብሽ ልጅ ወዲያው ይታያል። እንቆጣዋለን፣ ወላጅ አምጣ እንለዋለን፣ ቢያንስ ስሙን እናውቀዋለን። ዝምተኛውን ግን «ጨዋ ልጅ» ብለን እናልፈዋለን። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ከጓደኞቹ ይሸሻል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ይወደው የነበረውን ጨዋታ እንኳ ትቶታል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለች ተማሪዬን አንድ ዓመት ሙሉ ሳመሰግናት ከረምኩ፤ ጸጥተኛ ስለሆነች። የነቃሁት ትምህርቷን አቋርጣ ስትቀር ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ሁሉንም ወደ ባለሙያ እንላክ ብንል፣ አቅም ባጠረበት ቦታ ባለሙያው ከየት ይመጣል?

ግን መላ አለው። ድርጅቱ ከዩኒሴፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 «ኢዝ» የተባለ መመሪያ አውጥቷል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ለሆነ፣ ጭንቀትና ሐዘን ለጠናባቸው ልጆች የተዘጋጀ የቡድን ድጋፍ ነው። ልጆቹ 7 ጊዜ ይገናኛሉ። ስሜታቸውን በስሙ መጥራት ይማራሉ። በዝግታ እየተነፈሱ ሰውነታቸውን ያረጋጋሉ። የተዉትን ነገር በትንሽ በትንሹ መልሰው ይጀምራሉ። የከበዳቸውን ችግር አብረው ይፈቱታል። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚገዛው ግን አብሮ መቀመጡ ነው። «እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ልጅ፣ አጠገቡ ያለችውም ሌሊቱን ሳትተኛ እንደምታድር መስማቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቡድኑን ለመምራት የግድ የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ሰው ይበቃል። ድጋፉ ዮርዳኖስ ውስጥ ከሶሪያ በተሰደዱ ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ ውስጥ ውስጡን የሚበላቸው ጭንቀት ቀንሷል። የአሳዳጊዎቻቸውም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ለውጡ መጠነኛ ነው፤ ድብርት ለብቻው ሲለካ ግልጽ ልዩነት አልታየም። እኔም ተአምር አይደለም የምጠይቅዎ።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሥልጠናው ተሰጥቶ፣ ሰርተፊኬት ታድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ እንዳይገባ። ስንት ጊዜ አይተነዋል! ክቡር ሚኒስትር፣ ቡድኑን የምትመራው ወጣት አንድ ቀን ከአንድ ታዳጊ አፍ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ትሰማለች። ያን ዕለት ማንን ትጠይቅ? ልጁንስ ወዴት ትላከው? በየሳምንቱ አግኝቷት «እንዴት ሆነ? ምን ከበደሽ?» የሚላት ልምድ ያለው ሰው ከሌለ፣ እሷም ትደነግጣለች፣ ልጁም ይጎዳል። ስለዚህ በጀቱን ሲይዙ ከሥልጠናው በፊት ይህን ተቆጣጣሪ ያስቡ። አደጋ ላይ ያለ ልጅ በዚያው ቀን የሚቀበለው የጤና ተቋምም ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግረው አስቀድመው ይለዩልን።

አንድ ነገር ልጨምር። መመሪያው ለወላጆችና ለአሳዳጊዎችም 3 ክፍለ ጊዜ አለው። ልጅን ማዳመጥ፣ በጎ ሥራውን ማመስገን፣ ለራስም ዕረፍት መስጠት ይማሩበታል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ እንዳይሆን እለምንዎታለሁ። ልጁ ከቡድኑ ወጥቶ የሚገባው እዚያው ቤት ነው። ስብሰባው ደግሞ የቀን ሠራተኛ እናት ሥራዋን ሳትተው መምጣት በምትችልበት ሰዓት ይሁን።

በሁሉም ትምህርት ቤት ዘንድሮ ይጀመር አልልም። በጥቂቶቹ ይጀምሩ። በሩ የሚዘጋ፣ የልጆቹ ወሬ ወደ ውጭ የማይሰማበት ክፍል እኛ መምህራን አናጣም። ቡድኑን በፈቃዱ የሚመራም ከመካከላችን ይገኛል። የክትትሉን ሰውና የእሱን ደመወዝ በጀት ግን ከእርስዎ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር