የጀልባውን ዋጋ ማን ይክፈል? ለወጣቶች የታሪክ ልብ ወለድ ማሳተሚያ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣

የንባብ ክበባችን አባል የሆነች መምህርት ከ12 እስከ 16 ዓመት ለሚሆናቸው ልጆች የጻፈችው የታሪክ ልብ ወለድ ተጠናቋል። እርማቱም አልቋል። የጎደለው የማሳተሚያ ገንዘብ ነው። እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ግን ታሪኩ ምን እንደሆነ ልንነግራችሁ ይገባል።

ቦታው ዴንማርክ ነው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1943። ናዚ ጀርመን አገሪቱን የያዘችው ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ቢሆንም፣ የዴንማርክ መንግሥት በቦታው በመቆየቱ በዚያ የሚኖሩት አይሁዳውያን ከሦስት ዓመት በላይ ሳይታፈሱ ኖሩ። በኦገስት 1943 መጨረሻ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ አይሁዳውያኑን የማፈሱ ትእዛዝ ከበርሊን መጣ። ምስጢሩን ያወጣው ጌኦርግ ዱክቪትስ የተባለ ጀርመናዊ ነበር፤ በዋና ከተማዋ በኮፐንሃገን በጀርመን ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) የመርከብ ጉዳዮችን የሚከታተል፣ ያውም የናዚ ፓርቲ አባል። ሴፕቴምበር 29 ማለዳ የአይሁዳውያኑ የሃይማኖት መሪ ረቢ ማርኩስ መልኪዮር በምኩራብ ለተሰበሰበው ሕዝብ ወሬውን ነገሩ፤ ሁሉም ቤቱን ለቆ እንዲደበቅ፣ ለሚያውቀውም እንዲያደርስ አሳሰቡ። ጀርመኖች በኦክቶበር 1 ሌሊት በየቤቱ ሲዞሩ አብዛኛው ቤት ባዶ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት 7,200 ያህል አይሁዳውያን፣ ከእነርሱም ጋር አይሁዳዊ ያልሆኑ 700 ያህል ዘመዶቻቸው፣ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ በጦርነቱ ገለልተኛ ወደነበረችው ጎረቤት ስዊድን ተሻገሩ።

የልብ ወለዱ ዋና ባለታሪክ በሰሜናዊቷ የወደብ መንደር በጊለላይ የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጻድቅ ግን አይደለም። ልጁ በግድግዳ ማዶ አባቱ ስለ ዋጋ ሲከራከር ይሰማል። ይህ ከጸሐፊዋ ምናብ የመጣ አይደለም። ብዙ አጥማጆች ለአንድ ሰው 1,000 ክሮነር (የዴንማርክ ገንዘብ) ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስከፍሉ ነበር፤ በነጻ ያሻገሩም ነበሩ። ጀልባው ቢያዝ የቤተሰቡ እንጀራ አብሮ ይሄዳልና ከፋዩም አስከፋዩም የየራሱ ፍርሃት ነበረው። ገንዘብ የሌለው ሰው በባሕሩ ዳር እንዳይቀር ሐኪሞች፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። በኮፐንሃገን የቢስፔብየርግ ሆስፒታል ሠራተኞች ስደተኞቹን በግቢያቸው ደብቀው ወደ ወደቦቹ ይሸኙ ነበር። የኅሊና ድፍረት በኪስ በኩልም እንደሚያልፍ ለልጆች ደፍሮ የሚነግር መጽሐፍ እኛ ብዙ አላየንም፤ ረቂቁን የወደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚከብደው ምዕራፍ የጊለላይ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጣሪያው ሥር ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ጀልባ እየጠበቁ ተደብቀው ሳለ የናዚዎቹ ምስጢር ፖሊስ ጌስታፖ ደረሰባቸውና ተወሰዱ። በልብ ወለዱ ዳቦ የሚያመላልስላቸው ይህ ልጅ ነው። ረቂቁን ካነበቡት አንዳንዶቹ ምዕራፉ እንዲለዝብ ጠይቀው ነበር፤ ጸሐፊዋ አልተስማማችም፤ እኛም ከእርሷ ጋር ነን። በዴንማርክ ከተያዙት አይሁዳውያን 470 ያህሉ ቴሬዚየንሽታት ወደተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ተልከዋል። ይህን ዘለን የተሻገሩትን ብቻ ብንቆጥር ለልጆቹ ተረት እንጂ ታሪክ አንሰጣቸውም። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ፣ ናዚዎች በሌሎች አገሮች አይሁዳውያንን ለመለየት ያስለብሱት የነበረውን ቢጫ ኮከብ ደረታቸው ላይ ለጥፈው በከተማ ዞሩ የሚለውም እንዲገባ የመከሩን ነበሩ። የሚያምር ወሬ ነው፤ ነገር ግን በዴንማርክ ኮከቡን ልበሱ የሚል ትእዛዝ ከቶ አልወጣም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ልመናችን። ልናሳትም ያሰብነው 2,000 ቅጂ ነው። ግማሹ በየትምህርት ቤቱና በየሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ ይቀመጣል፤ የቀረው በመጠነኛ ዋጋ ተሸጦ የሚቀጥለውን ኅትመት ያግዛል። የተወሰነ ቅጂ ወደ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ ሄደው ለሚኖሩ ቤተሰቦች እንልካለን፤ በዚያ ልጆቹ ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ ስላደረሱት እልቂት በትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ይማራሉ፣ አያቶች ግን አማርኛ ነው የሚያነቡት፤ አንድ መጽሐፍ ይዘው አብረው ቢቀመጡ ደስ ይለናል። የአንድ ቅጂ ማሳተሚያ በአሁኑ የወረቀት ዋጋ 400 ብር ይደርሳል። ጸሐፊዋ ምንም አትቀበልም። አርታኢውና ሠዓሊው ግን ሥራቸው ነውና ይከፈላቸዋል።

የአንድ ቅጂ ወጪ የሚችል አንድ ይቻል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሆን 20 ቅጂ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ተዋጥቶ ቢመጣ ደግሞ ሥራችንን በጣም ያቀልልናል። 50 ብርም እንቀበላለን፤ ስሙም ከሌሎቹ እኩል ይመዘገባል። ገንዘብ ባይኖራችሁ ዴንማርክኛ የሚያውቅ ሰው አገናኙን፤ የቦታ ስሞቹን አጻጻፍ የሚያይልን እንፈልጋለን። ወረቀት በቅናሽ የሚያቀርብ ነጋዴ ብታውቁም እንዲሁ።

የተሰበሰበው ካልበቃ የምንቀንሰው የቅጂውን ብዛት ነው፤ ከዚያም ሥዕሎቹን። የባሕሩ ካርታና ከመጽሐፉ በስተኋላ ያለው፣ የትኛው እውነት የትኛው ልብ ወለድ እንደሆነ የሚለየው ማስታወሻ አይነኩም። ገቢና ወጪው በየወሩ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል። ኅትመቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል። የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ከክበቡ ገንዘብ ያዥ ውሰዱ፤ ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ለእርሷ ማሳየት አትርሱ፤ መዋጮው የሚዘጋው በጥር መጨረሻ ነው።